ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚነሣው አባወራ

ሰሞኑን ለቤተሰብ ማዕዘን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ብዙ አሳስቦናል። ጸሐፊዋ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። «ማታ ልጆቹ የጦርነት ፊልም ሲከፍቱ አባታቸው ድንገት ይነሣና በረንዳ ላይ ሄዶ ይቀመጣል፤ ስጠይቀው ሙቀት ነው ይለኛል፤ ቴሌቪዥኑን ልዝጋው ወይስ ልተወው?» ይላሉ። በናጋድ ሙቀት በረንዳ ላይ በመውጣቱ የሚፈረድበት ሰው የለም። ወይዘሮዋ የጠረጠሩት ግን ሌላ ነገር መሆኑን ለመረዳት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለገንም።

እኛም በዚህ ረገድ ያጠፋነውን ሳንናገር ምክር ልንሰጥ አይገባንም። ከጦር አካዳሚ ወጥተን ሥራ በጀመርንበት ዓመት፣ የአባላቱን ሞራል እናነቃቃለን ብለን በመዝናኛ ክበቡ ተኩስና ፍንዳታ የበዛበት ፊልም አሳየን። አንድ ነባር ሃምሳ አለቃ ገና ሩቡ ሳይታይ ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ ጠርተን ስለ ሥነ ሥርዓት ገሠጽናቸው። እርሳቸው ጦር ሜዳ የዋሉ፣ እኛ ግን ጦርነትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርን መሆናችን ትዝ ያለን ዘግይቶ ነው። ዝም ብለው ሰምተውን፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ። ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ስለሆነም ለወይዘሮዋ መልሳችን፣ ቴሌቪዥኑ አይዘጋ፤ የሚታየው ግን ይመረጥ የሚል ነው።

ሣቅ ይቅደም። ተከታታዩ ኮሜዲ «ቤቶች» ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ተቀምጦ ሊያየው የሚችል ነው። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ የአለባቸው ተካንና የልመንህ ታደሰን፣ የደረጄ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን የቆዩ ቀልዶች በፍላሽ ያስመጣ። ቀልዱ ለልጆች ያልገባቸው እንደሆነ አባት ያስረዳል፤ ማስረዳቱም ራሱ ጨዋታ ነው። ከውጭዎቹ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1977 በ80 ክፍሎች ያሳየው «ዳድስ አርሚ» ይታይ፤ ዕድሜያቸው ለዘመቻ ያለፈ ሽማግሌዎች የበዙበት የአካባቢ ጠባቂ ጦር ታሪክ ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ጂሚ ፔሪ በወጣትነቱ በዚያው ጦር ያገለገለ ስለሆነ የሚቀልደው ከሚያውቀው ነገር ነው። አዛዡ ራሱን እጅግ ከፍ አድርጎ የሚያይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እኛን የሚመስል ነገር ያገኘበት አባል ቢኖር ለራሱ ይያዘው።

«ማሽ» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በአንድ የመስክ ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞችን ያሳያል። ጦርነቱ 3 ዓመት ቢፈጅም ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 ድረስ ታይቷል። ኮሪያ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አገር አይደለችም፤ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአዲስ አበባ በባቡር ወርዶ መርከብ የተሳፈረው ከዚሁ ከጅቡቲ ወደብ ነበር። የቃኘው ዘማቾች በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ቀብረዋል፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልተማረከም። በድራማው አንድ ነገር እጅግ ወደድንለት፦ በዘመኑ ልማድ ከየቀልዱ በኋላ የተቀዳ ሣቅ ይሰማ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሣቁ እንዳይሰማ ጣቢያውን አግባብተዋል። ሐኪሙ ቁስለኛው ላይ ጎንበስ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል።

ከጦርነት ፊልሞች መካከል ግን ቀዳሚ ምርጫችን የሶቪየቱ ግሪጎሪ ቹኽራይ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው «የአንድ ወታደር ባላድ» ነው። ቹኽራይ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋና የቆሰለ ሰው ነበር። ተኩሱ አብዛኛው በመጀመሪያው ያበቃል። የ19 ዓመቱ አልዮሻ ሁለት ታንኮችን ያቃጥልና ለኒሻን ሲታጭ፣ ከኒሻኑ ይልቅ ፈቃድ ተሰጥቶኝ የእናቴን የሚያፈስ ጣራ ልጠግን ይላል። 6 ቀን ይፈቀድለታል። የቀረው ታሪክ ሁሉ ባቡርና የባቡር ጣቢያ ነው። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ይገጥመዋል፤ ሰውዬው በሚስቱ ፊት መቆምን ፈርቶ፣ ወደ ቤት አልመለስም የሚል ቴሌግራም ሊልክ ይፈልጋል። ጣቢያው ደርሰው ሚስቱን ሲያጧት የሰውዬውን ፊት እዩት፤ ዘግይታ እየሮጠች ስትመጣ ደግሞ የእርሷን። ሌላው ወታደር ለሚስቱ ሳሙና ልኳል፤ አልዮሻ ሲደርስ ግን ሴትዮዋን ከሌላ ሰው ጋር ያገኛታል። ይህን ክፍል አንዳንድ ባልደረቦቻችን ለሠፈር አይመጥንም፣ ይዝለል ብለውን ነበር። እኛ ግን አንስማማም፤ ባልም ሚስትም ሳይነጋገሩበት የሚፈሩትን ነገር ሌላ ሰው ሲናገርላቸው መስማት ይቀላቸዋል።

ስለ «ላንተርቫንሲዮን» የጠየቃችሁን አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ የፈረንሳይ ፊልም፣ በየካቲት 1976 እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ ታጣቂዎች ከነተማሪዎቹ ጠልፈው ወደ ሎያዳ የወሰዱትን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይተርካል። በውስጡ 31 ሕፃናት ነበሩ፤ ሁለቱ ሞተዋል። በሠፈራችን ልጆች ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የሚሳፈሩ ስለሆነ፣ ፊልሙን ወላጆች ብቻቸውን ልጆች ከተኙ በኋላ ይዩት፤ ባያዩትም አይጎዱም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ «ባላዱን» በክበቡ አሳይተናል። እኒያን ሃምሳ አለቃ ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን፣ ከባለቤታቸው ጋር ጋበዝናቸው፤ መቀመጫቸውንም በበሩ አጠገብ አዘጋጀን። አልዮሻ እናቱ ዘንድ የደረሰው ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል ስለነበር፣ በመንገድ ላይ አቅፏት ወዲያው ተመለሰ። ሃምሳ አለቃው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ቆዩ። ሲወጡ ለባለቤታቸው «ጣራው ሳይጠገን ቀረ» ሲሉ ሰማናቸው።

ቅጂው በክበቡ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ ለአሥር አለቃው ባለቤት ቅድሚያ እንሰጣለን። ሌሎቻችሁ ፈርማችሁ ውሰዱ፤ ፍላሹንም በ3ኛው ቀን መልሱ።