ስለ ዱቤ ካርድ ወለድና ስለ ባለሱቁ ድምፅ

ነጋዴ ከባንክ ጋር መጣላት አይወድም። ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣው በባንክ ሰነድ ነው፤ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልከውም ዋጋውን የሚቀበለው በባንክ በኩል ነው። ስለዚህ በባንክና በተበዳሪው ሕዝብ መካከል ክርክር በተነሣ ቍጥር ብዙዎቻችን ዝም ማለትን ወይም ከባንኩ ጐን መቆምን እንመርጣለን። ይህ ልማድ ሁልጊዜ ነጋዴውን እንደማይጠቅመው በአሜሪካ አገር ከሆነው ነገር መረዳት ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ሕዝቡን ያስቈጣው ክሬዲት ካርድ የሚባለው የዱቤ ካርድ ወለድ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እንደገለጸው፥ በ2024 አማካዩ ወለድ በዓመት ከመቶ 21 በላይ ነበር። ጠቅላላው የካርድ ዕዳም በ2023 ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። የ5,000 ዶላር ዕዳ ኖሮበት ዋናውን መክፈል ያቃተው ሠራተኛ፥ ወለዱ ከመቶ 22 ቢሆን፥ በዓመት 1,100 ዶላር ለወለድ ብቻ ያወጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ዋናው ዕዳ እንዳለ ነው። ይህ ገንዘብ ለጫማ፥ ለምግብና ለልጆች ልብስ ውሎ ወደ ባለሱቁ መሳቢያ ይገባ የነበረ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወለዱ ወደዚህ ደረጃ የደረሰው በገበያ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ሕግም ረድቶታል። ቀድሞ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የተደነገገ የወለድ ወሰን ነበራቸው። በ1978 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ብሔራዊ ባንክ በተቋቋመበት ግዛት የተፈቀደውን ወለድ በሌላ ግዛት ነዋሪም ላይ ሊያስከፍል ይችላል ሲል ፈረደ። በዚያን ጊዜ የኑሮ ውድነት በርትቶ፥ ባንኮች ራሳቸው ገንዘብ የሚያገኙበት ወለድ እጅግ ከፍ ብሎ ስለነበር፥ በኒውዮርክ ሕግ ወሰን ሥር የሚሠሩት ይከስሩ ነበር፤ ይህን እውነት መካድ አይገባም። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 ወሰኑን አነሣች፤ በ1981 ሲቲ ባንክ የካርድ ሥራውን ሱ ፎልስ ወደምትባለው ከተማዋ አዛወረ፤ በዚያው ዓመት ዴላዌርም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሁለቱ ግዛቶች ለሕዝባቸው ሥራ አገኙ፤ እንጀራ ፈለጉ ብሎ የሚነቅፋቸው የለም። ነገር ግን በሳውዝ ዳኮታ የወጣው ሕግ፥ የዚያን አገር እንደራሴዎች መርጦ የማያውቀውን የካሊፎርኒያ ነዋሪ ኪስ የሚያዝዝ ሆነ። የኑሮው ውድነት ካለፈ በኋላም ወሰኑ አልተመለሰም።

ለመመለስ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በ1991 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ74 ድምፅ ለ19 የካርድ ወለድ ከመቶ 14 እንዳይበልጥ ወሰነ። ባንኮች አጥብቀው ተቃወሙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፤ ሐሳቡም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ በቀድሞ ዕዳ ላይ በድንገት ወለድ መጨመርን ከለከለ እንጂ የወለዱን ልክ አልነካም። በዚያው ዓመት ስለ ቤት ዕዳ በተደረገው ክርክር ሰሞን፥ የኢሊኖይ ተወካይ የሆኑት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሪቻርድ ደርቢን የቤቱ ባለቤቶች ባንኮች ናቸው እስከማለት ደርሰዋል። ነገሩ ሥውር አይደለም። ለምርጫ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባንኮች ሕግ በፈቀደው መንገድ ያዋጣሉ፥ ጉዳያቸውን የሚከታተሉላቸው ባለሙያዎችም ይቀጥራሉ። ተበዳሪው ግን ጠበቃ የለውም።

እኛን ነጋዴዎችን ይበልጥ የሚመለከተው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ2024 ለሸማቾች የገንዘብ ጉዳይ የቆመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ ታላላቅ የካርድ ባንኮች ለዘገየ ክፍያ የሚወስዱት ቅጣት 8 ዶላር እንዲሆን ደንብ አወጣ። የባንክ ማኅበራት በቴክሳስ ፍርድ ቤት ሲከሱ፥ የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት አብሮ ከሳሽ ሆነ፤ በ2025 ደንቡ ተሰረዘ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ባለሱቆች ከነዚያው ባንኮች ጋር ሙግት ላይ ነበሩ፤ ደንበኛ በዱቤ ካርድ በከፈለ ቍጥር ከ100 ዶላር ሽያጭ 2 ዶላር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቈረጥባቸዋልና። በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችን ይህን ቅናሽ በየቀኑ ያውቁታል። እንግዲህ ባለሱቁ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ አንድ ጊዜ ከሽያጩ ይቈረጥበታል፥ ሁለተኛ የደንበኛው አቅም በወለድ ይመነምንበታል። በንግድ ስም የቆመው ምክር ቤት ግን በቅጣቱ ሙግት ለባንኮች ተከራከረ።

«ወለድ የገንዘብ ዋጋ ነው፤ ዋጋን ገበያ ይወስነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ክብደት አለው። ነገር ግን ያው መሥሪያ ቤት በ2024 እንዳስታወቀው፥ ታላላቆቹ ካርድ ሰጪዎች ከትናንሽ ባንኮችና ከቍጠባ ማኅበራት ይልቅ በመቶ ከ8 እስከ 10 ነጥብ የበለጠ ወለድ ያስከፍሉ ነበር። ውድድሩ ደኅና ቢሠራ ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት ባልቈየ ነበር። በሌላ በኩል በ2025 ሳንደርስና ሆሊ የተባሉት የምክር ቤት አባላት ያቀረቡት የመቶ 10 ወሰን እጅግ ዝቅ ያለ ይመስለኛል፤ ባንኮች ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ካርድ መስጠታቸውን ቢያቆሙ ችግረኛው ወደ ባሰ አራጣ ይገፋል። የፌዴራል የቍጠባና ብድር ማኅበራት ግን ከ1987 ጀምሮ በመቶ 18 ወሰን ሥር ሆነው ካርድ ሲሰጡ ኖረዋል። ሚዛናዊው ወሰን ከዚህ አይርቅም።

ለእኛ አገር የወለድ ወሰን እንግዳ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ተበዳሪና አበዳሪ ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ደንግጓል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች በኢትዮጵያ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። የዱቤ ካርድ ወደ ገበያችን በስፋት ሲገባ ስለ ወለዱና ከሽያጭ ስለሚቈረጠው ክፍያ ደንብ መውጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ምክር ቤታችን ባንኮችንና ባለሱቆችን ለየብቻ ይስማ፤ የሁለቱንም አሳብ ለሕግ አውጪው ያቅርብ፤ የአንዱን ወገን ጥቅም የሁሉ ጥቅም አድርጎ አይናገር።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ የነበረው፥ ሕግ ከሁለቱም ተከራካሪዎች በላይ መሆኑን ስለሚያምኑ ነበር። ሕጉ በአንደኛው ተከራካሪ ገንዘብ የተጻፈ ከመሰለ ግን ቃሉ ማንንም አያቆምም፤ ያለ ሕግ እምነት ደግሞ ዱቤም ንግድም አይኖርም።