ከባሮ ረግረግ እስከ ለንደን ፍርድ ቤት

«ባዶ መሬት» የሚለው አነጋገር ዛሬም ያበሳጨኛል። የኢህአዴግ መንግስት የጋምቤላን መሬት ለባዕዳን ከበርቴዎች ሲቸበችብ ምክንያት ያደረገው ይህንኑ ነበርና። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ባዶ የተባለው ምን ነበር? ባሮ ሞልቶ ሲፈስ የሚተኛበት ረግረግ፣ ውሃው ሲሸሽ አኝዋኩ በቆሎ የሚዘራበት ዳርቻ፣ ኑዌሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ሣር፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳን እየተሻገረ የሚግጥበት ሜዳ ነው። ወደ ደጋው ከፍ ሲሉ ደግሞ መዠንግሩ ቀፎ የሚሰቅልበት የጎደሬ ጫካ አለ። ሰነድ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2010 መቶ ሺህ ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በዓመት ለሄክታር 20 ብር ነበር! በ2011 ግን ባሮ ሞልቶ የበቆሎ ማሳውን አጥለቀለቀው። ወንዙ የራሱን መኝታ መልሶ ያዘ እንጂ ሌላ ምን አደረገ? በ2015 መጨረሻ መንግስት ውሉን ሲሰርዝ፣ ከመቶ ሺው የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በጎደሬ ጫካ ውስጥም 3,012 ሄክታር ለሻይ እርሻ ተሰጠ። ነዋሪው አቤት ብሎ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሳይቀሩ ደግፈው ደብዳቤ ጻፉ፤ ውሉ ግን አልቀረም። የርዕሰ ብሔሩ ፊርማ ያላዳነውን ጫካ ማን ያድነው?

የመንደር ምስረታው የመጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። መንግስት በፈቃደኝነት ነው አለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት በግዳጅ ነው ሲል መሰከረ። አንድ የጋምቤላ ገበሬ ስሙ ተሰውሮ እዚሁ እኔ በምኖርበት ለንደን የእንግሊዝን የልማት መስሪያ ቤት ከሰሰ፤ የእርዳታው ገንዘብ የማፈናቀሉን ስራ ደግፏል በማለት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2014 ጉዳዩ እንዲሰማ ፈቀደ። በ2015 መጀመሪያ መስሪያ ቤቱ ለዚያ ፕሮግራም የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ፤ ምክንያቴ ክሱ ነው ግን አላለም።

ወገኖቼ፣ በዚህች ከተማ ዳርቻ የምናየው የኤፒንግ ጫካም የተረፈው በመኳንንቱ ቸርነት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ባለርስቶች ሲያጥሩት፣ የሎውተን ድሆች ለማገዶ ቅርንጫፍ የመቁረጥ ልማዳዊ መብታቸውን አንለቅም ብለው በ1866 ታስረውበታል። የለንደን ሲቲ አስተዳደርም የግጦሽ ባለመብት ሆኖ ከሰሰና በ1874 ረታ፤ በ1878 ጫካው በህግ ተከበረ። እርግጥ ነው፣ የቅርንጫፉ መብት በካሳ ቀርቷል፤ የግጦሹ ግን እስከ ዛሬ አለ። ጫካውን ያዳነው በፍርድ ቤት የሚጸና የተጠቃሚ መብት ነው።

የእኛስ? ህገ መንግስቱ አንቀጽ 92 ህዝቡ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከር መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ዓ.ም. የማህበረሰብ ደንን እውቅና ሰጥቷል። ዩኔስኮም በ2017 የመዠንግርን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ወረቀት አልጎደለንም። የጎደለን መዠንግሩ ወረቀቱን ይዞ ሲከስ የሚያዳምጥ ነጻ ዳኛ ነው።

የዛሬው መንግስት ከ2019 ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ እያለ ችግኝ ያስተክላል። መትከሉን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ተቆጥሮ የተተከለ ችግኝ፣ ቡናና ማር የሚሰጠውን ነባር ጫካ አይተካም፤ ረግረግንማ ከነጭራሹ የሚተክለው ሰው የለም።

ስለዚህ በስደት ያለን ወገኖች ከሰልፍ ባሻገር ስራ አለን። የኪራይ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት ይፋ እንዲሆኑ እንወትውት። ከምንኖርበት አገር የሚሄደው የእርዳታና የባለሀብት ገንዘብ ማንን እንደሚያፈናቅል እየተከታተልን እንጠይቅ። ያ ስሙ ያልተገለጸ ገበሬ ብቻውን ይህን ያህል ከተጓዘ፣ እኛ ተባብረን ስንት ልንሰራ እንችል ነበር?

ቸር ያሰማን።