ድምፅና ምስል ሲለያዩ

ዛሬ የምንወያይበት ጉዳይ የኮምፒውተር ወይም የስልክ ስክሪን እየቀረጹ ትምህርት የሚያዘጋጁ ልጆቻችንን ይመለከታል።

አንድ ወጣት ለታናናሾቹ የሒሳብ ትምህርት ይቀርጻል እንበል። ሲጀምር ሁሉም መልካም ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ምስሉ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ድምፁ ገና ሁለተኛውን ያብራራል። ተማሪው ግራ ይጋባል። ወጣቱ ሌሊቱን ድምፅ ሲቆርጥና ሲቀጥል ያድራል፤ ወላጅም «ስላልተጠነቀቅህ ነው» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ቪዲዮ ማለት በተከታታይ የሚያልፉ ፎቶዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ስልኮችና አንዳንድ መቅረጫ ፕሮግራሞች ስክሪኑ ላይ ለውጥ ከሌለ ጥቂት ፍሬም፣ እንቅስቃሴ ሲኖር ደግሞ ብዙ ፍሬም ይይዛሉ። ድምፁ ግን በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ማቀናበሪያው ፕሮግራም ፍሬሞቹ ሁሉ እኩል የተራራቁ ናቸው ብሎ ሲቆጥር ሁለቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ትንሽ የምትመስል ልዩነትም ትከማቻለች፤ በሰከንድ 29.97 ፍሬም የተቀረጸ ምስል በ30 ሂሳብ ቢነበብ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ያህል ይቀድማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከመቁረጥ በፊት መመርመር ይቀድማል። የቪዲዮውን መጀመሪያና መጨረሻ አስተያዩ። ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ድምፁን በሙሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንሸራተት ይበቃል። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ቆርጦ መቀጠል አያዛልቅም፤ ፋይሉ ራሱ መለወጥ አለበት።

ለዚህ በነፃ የሚገኘው ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም ይረዳል። ፋይሉን ከከፈታችሁ በኋላ፣ በቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ የፍሬሙን መጠን 30 አድርጉና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን ምረጡ። ማቀናበሪያውንም በ30 አዘጋጁና ሥራውን በአዲሱ ቅጂ ላይ ጀምሩ። ዋናውን ቅጂ ግን አታጥፉ።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ደግሞ ኦቢኤስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል፤ በእኩል የፍሬም መጠን ይቀርጻል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ፍሬም ስለሚዘል ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ። በመጀመሪያና በመጨረሻም ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር እየተጫናችሁ «አሁን» በሉ፤ ልዩነት ካለ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ወዲያው ይታወቃል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ስታዩት ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ክፍተቱ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል?» መልሱ የብዙ ሰዓት ድካም ያድነዋል፤ የእናንተም አብሮ መቀመጥ ያበረታዋል።