የቤተ ሰብ ምክር፦ ከመኪናው ሥር ስለሚታሰረው ጋሻ

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 በቁጥር 8 ስለ ቤት ሥራ የተጻፈ አንድ ትእዛዝ አለ። ይኸውም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ማንም ወድቆ እንዳይሞትና የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ የሚያዝዝ ነው። ከዚህም የእጃችን ሥራ ወንድማችንን እንዳይጎዳ አስቀድሞ መጠንቀቅ በእግዚአብሔር ፊት የምንጠየቅበት ግዴታ መሆኑን እንማራለን። ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራውን የሚያገኘው በመኪና ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ከሞተር ሥር ስለሚታሰረው የብረት ጋሻ ጥቂት እንናገራለን።

በሻካራ መንገድ እንዲሄዱ የተሠሩ መኪናዎች፥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ቶዮታ ሃይሉክስና እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ላንድ ክሩዘር 70፥ አካላቸው የሚያርፈው እንደ መሰላል በተሠራ ሻንሲ ላይ ነው። ጋሻውም ከዚህ ሻንሲ ጋር በብሎን ይታሰራል። ከበላዩ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ ይገኛል። ኮፓው ከስስ ላሜራ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ አንድ የሾለ ድንጋይ ሊበሳው ይችላል። ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ቢሠራ እንኳ ብረት ከብረት ጋር ተፋትጎ ይጣበቃል፤ የብዙ ዓመት ጥሪትም በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ነጂ ሁሉ የዘይቱ ቀይ መብራት ሲበራ ወዲያው መኪናውን ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባዋል።

ጋሻው የሚላላበት ምክንያት ብዙ ነው። የመንገዱ መንቀጥቀጥ ብሎኑን ያላላዋል፤ ጭቃና ውሃ ጥርሱን በዝገት ይበሉታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዘይት ለመለወጥ ጋሻውን ያወረደ ሰው ከአራቱ ብሎን ሁለቱን ብቻ መልሶ መኪናውን ሲሸኝ ነው። አንዳንዶችም በሽቦ አስረውት ይሄዳሉ። ሽቦ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ያህል ይረዳ ይሆናል፤ ለጉዞ ግን አይታመንም። የፊተኛው ጠርዙ የወረደ ጋሻ መሬቱን እየጫረ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ተነቅሎ ቢወድቅም ከኋላ የሚመጣውን መኪና ወይም ባለ ሞተር ብስክሌት ይመታል። ሰውየው ስሙን የማያውቀውን መንገደኛ ሊገድል ይችላልና፥ ነገሩ የሰገነቱ መከታ ጉዳይ ነው።

ጋሻውን መልሶ ለማሰር ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሰው ነፍስ መጠበቅ አለበት። መኪናው በደረቅና በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በእንጨት ወይም በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አልተሠራምና። ከሻንሲው ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግ። የጭስ ማውጫውም እስኪበርድ መታገሥ ያሻል። ሕፃናት ወደ መኪናው እንዳይቀርቡ አንድ ሰው ይጠብቃቸው።

ከዚህ በኋላ ጋሻውና የብሎኑ ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽ ይጽዱ። የዛገ ብሎን ካለ የሚሰርግ ዘይት አፍስሶ ጊዜ መስጠት እንጂ በቁጣ መታገል አይበጅም፤ በግድ የተጠመዘዘ ብሎን ተበጥሶ ውስጥ ይቀራልና። የጎበጠውን ጋሻ አውርዶ በመዶሻ ማቅናት ይገባል፤ ወደ ላይ የገባ ጉብታ ኮፓውን ከነካ ጠባቂው ራሱ ጠላት ይሆናል።

አዲስ ብሎን ሲገዛ ውፍረቱም የጥርሱም ርቀት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን በገበያ በአብዛኛው በ1.5 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ይገኛል፤ በጃፓን መኪናዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ 1.25 ነው። ልዩነቱን በዓይን ማወቅ ያስቸግራል፤ የማይስማማውን በግድ ማስገባትም በሻንሲው ውስጥ የተበየደውን ዳዶ ያበላሻል። ስለዚህ አሮጌውን ብሎን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድና በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበትን መምረጥ መልካም ነው። የፊተኛው 8 የሚያመለክተው ብረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ጉተታ እንዲችል ተደርጎ መሠራቱን ነው። የጋሻው ቀዳዳ ሰፍቶ ከሆነ ሰፊና ወፍራም ሮንዴላ ይደረግበት።

በማሰር ጊዜ ሁሉንም ብሎን በመጀመሪያ በጣት ማስገባት ይገባል። አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የመጨረሻው ቀዳዳ አልገጥም ይለዋል። ሁሉም ከገቡ በኋላ በሰያፍ፥ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ እያደረጉ ማጥበቅ ነው። ለመጠኑ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ይጠበቅ፤ መመሪያው ከሌለ ግን 8.8 ለሆነ ደረቅ ብሎን በ8 ሚሊ ሜትር ውፍረት 25፥ በ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። 25 ኒውተን ሜትር ማለት በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ ማሳረፍ ነው። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም እንደ ገና መፈተሽ ያሻል።

የሻንሲው ዳዶ ጥርሱ ካለቀ ወይም ከብየዳው ተላቅቆ አብሮ የሚዞር ከሆነ ወደ ባለሙያ መሄድ ይሻላል። በሻንሲ ላይ እንደ ፈቀዱ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ያዳክመዋል። ብየዳ የግድ ከሆነም በፊት የባትሪው ሽቦ ይነቀል፤ በአጠገቡ የሚያልፉት የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከእሳቱ ይጠበቁ።

ጥገናውን ለጋራዥ የሰጠ ሰውም ዋጋ ከፍሎ ዝም ብሎ አይሂድ፤ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን ይቁጠር። መካኒኩም ቢሆን ማንም የማያየውን ብሎን መመለሱ የሐቀኝነቱ መለኪያ መሆኑን ይወቅ። ሰው ከመኪናው ሥር ባያይ፥ እግዚአብሔር ያያልና። እርሱ በመንገድ ያላችሁትን ሁሉ ወደ ቤታችሁ በሰላም ይመልሳችሁ፤ አሜን።