የብየዳ ማሽን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ምጣዱን ጠይቁ

እቁቡ የደረሰን በጥቅምት ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን፣ ሦስተኛው ሒሳብ ሠራተኛ። ብረት ነክተን አናውቅም። አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ለማሠራት ሰፈራችን ካለ የብረታ ብረት ቤት ጎራ ብለን ዋጋ ስንጠይቅ ግን የሰማነው ቁጥር ራሳችንን አዞረው። "ይሄንንማ ራሳችን አንሠራውም እንዴ?" አልን። የሒሳብ ሠራተኛው ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረ፣ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ የሆነ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ጋራዥ ብለን ሰየምነው። ጋራዥ ካለ እንግዲህ የቀረን ማሽን ብቻ ነው!

መርካቶ ወረድን። "የትኛው ይሻላል?" ብለን ስንጠይቅ ባለሱቁ ሁለት ካርቶን አሳየንና "ያ 200 ነው፣ ይሄ 300 ነው" አለን። 300 ከ200 እንደሚበልጥ ለማወቅ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። በዋጋ ብዙም አይራራቁም። ባለ 300ውን ተሸክመን እየሳቅን ተመለስን።

ቅዳሜ ጠዋት ሰካነው። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዞርነው (300 የገዛነው ለምን ሆነና?)። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፣ የግቢው መብራት ድርግም አለ። ማዘር ከኩሽና ወጡ። የጓደኛችን እናት ናቸው፣ እኛም ማዘር ነው የምንላቸው። እጃቸው ላይ ሊጥ አለ። "ልጆቼ፣ ወይ እንጀራው ወይ ብረቱ! ምረጡ!" አሉን።

በዚያን ቀን የሳቅንበት ይህ አባባል ዛሬ ለምንጽፈው ነገር ሁሉ መነሻ ሆኗል። በቤቱ ጓሮ ብረት ለመበየድ የሚያስብ ሰው ማሽን የሚመርጠው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር መሆን የለበትም። ቤቱ በሚችለው መብራት፣ በሚሠራው ብረትና በዓይኑ ይምረጥ። እኛ በቁጥሩ መረጥን፤ ማሽኑ ለአራተኛ ቅዳሜ አልደረሰም። የእቁቡ ብርም አብሮት ሄደ።

አሟሟቱን እንናገር። ማሽኑ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት እየደጋገመች ትበራ ነበር። መመሪያውን ስላላነበብን ጌጥ መሰለችን። ለካ "ሞቆኛል፣ አሳርፉኝ" እያለችን ነው። ከማሽኑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ ብረት በግራይንደር እንቆርጥ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ጭስ ሸተተን። የሰፈራችን በያጅ ዘንድ ወሰድነው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ በዚህ ሥራ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከፍተው ሲያሳዩን ውስጡ በጥቁር የብረት ብናኝ ተሸፍኗል። ማቀዝቀዣ ፋኑ ብናኙን ስቦ ስቦ ሰርኪዩቱ ላይ አራግፎታል፤ ብረት ደግሞ መብራት ያስተላልፋል።

ጋሼ አልተቆጡንም። "ልጆች፣ ካርቶኑን ነው ወይስ ማሽኑን ነው የገዛችሁት?" አሉና ጀርባው ላይ ያለውን ትንሽ ሠሌዳ እንድናነብ አዘዙን። ማንበብና መጠየቅ የተማርን ሰዎች፣ የገዛነውን ዕቃ አላነበብነውም፤ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው አልጠየቅነውም። ከሱቅ በፊት መሄድ የነበረብን እሳቸው ጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን እነሆ።

መጀመሪያ፣ ምን ልትሠሩ ነው? መደርደሪያ፣ የአልጋ ፍሬም፣ የአበባ መቆሚያ፣ ትንሽ የጓሮ በር ከሆነ ብረታችሁ ቱቦላሬ ነው። የግድግዳው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ እሱም የሚፈልገው ከ60 እስከ 90 አምፔር ግድም ነው። ወፈር ላለ አንግል ባለ 3.2 ብትጠቀሙ እንኳ ከ90 እስከ 130 ውስጥ ትሠራላችሁ። በቀጭን ቱቦላሬ ላይ ከዚህ በላይ ብትለቁበት ብረቱ ከመያያዝ ይልቅ ይበሳል። የመጀመሪያው መደርደሪያችን እግር ወንፊት መስሎ የቀረው በዚሁ ነው። 300 አምፔር የከባድ መኪና ሻንሲ ለሚበይድ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላለው ሰው ይሁንለት።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁ ምን ያህል ይችላል? እዚህ ላይ ነው ምጣዱን መጠየቅ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። አሁን ስሌቱን ተመልከቱ (ሒሳብ ሠራተኛው ነው የሠራው)። በ80 አምፔር ስትበይዱ የእሳቱ ቮልቴጅ 23 አካባቢ ነው፤ ሲባዛ 1.8 ኪሎ ዋት ይሆናል። ማሽኑ የሚያባክነው ቢጨመር እንኳ ከ2.5 ኪሎ ዋት በታች ነው፣ ከአንድ ምጣድ ያነሰ ማለት ነው። በ120 አምፔር ምጣዱን ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ከመስመሩ ከሱ የበለጠ ይስባል። በእውነት 300 አምፔር ቢሰጥስ? ቮልቴጁ 32 ይሆናል፤ እሱ ብቻ 9.6 ኪሎ ዋት ነው፣ ብክነቱ ሲታከል ከ11 ይበልጣል። ሦስት ምጣድ በአንድ ሶኬት! ስለዚህ በነጠላ ፌዝ ተራ ሶኬት የሚሰካ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ማሽን "300" ብሎ ሲፎክር፣ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው ወይ ቤታችሁ ሊሰጠው አይችልም። በሁለቱም መንገድ የከፈላችሁት ለቀለም ነው።

ሦስተኛ፣ ስንት ደቂቃ ይሠራል? ሠሌዳው ላይ በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ዲዩቲ ሳይክል ይሉታል። ከ60 በመቶ ሥር 160 አምፔር ተጽፎ ከሆነ፣ በ160 አምፔር ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን በይዶ አራቱን ያርፋል ማለት ነው። ከ20 በመቶ ሥር ከሆነ ግን ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ስምንት ደቂቃ ቁጭ ይላል። ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለትንሿ ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ለምንኖር ደግሞ ሌላም አለ። የእነዚህ ማሽኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 60974-1 የሚባለው፣ የሚለካቸው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሠሩበት ሁኔታ ነው። እኛ ያለነው ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ስለዚህ ሠሌዳው የሚለውን ደቂቃ እዚህ ሙሉውን አትጠብቁ፤ ቢጫዋን መብራት እንደ ትራፊክ መብራት አክብሩ።

አራተኛ፣ የትኛው ዓይነት? እዚህ ላይ ወዳጆቻችን ሁሉ ይጣሉናል። አንዱ ወገን "የድሮው ትራንስፎርመር አይሞትም" ይላል፤ እውነት አለው። በውስጡ ጥቅል ሽቦ እንጂ ስስ ሰርኪዩት ስለሌለው ብናኝ አይፈራም፣ ቢቃጠልም እዚሁ ሰፈር ይጠቀለላል። ነገር ግን ከባድ ነው፣ ሲነሳ የጎረቤቱን አምፑል ሳይቀር ያርገበግባል፣ በቀጭን ብረት ላይ ለጀማሪ እጅ አይገራም። ሌላው ወገን ዩቲዩብ አይቶ "ሚግ ግዙ" ይላል። የአሜሪካ ሰዎች በጋራዣቸው ሚግ የሚመርጡት ወደው ነው፤ ሽቦው በራሱ እየወጣ ሥራውን ያቀላል። ግን ጋራዣቸው በር አለው፣ 240 ቮልት መስመር ማስገባት ይችላሉ፣ ጋዙንም ቅርብ ያገኙታል። የኛ ጋራዥ በሦስት በኩል ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ነው። የሚግ ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚሸፍን መጋረጃ ነው፤ ነፋስ ከመጣ መጋረጃው ይበተንና ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያወጣል። ሲሊንደሩን ማስሞላትም ራሱን የቻለ ወጪና እንግልት ነው። ቲግ ደግሞ ለስቴንለስና ለአልሙኒየም የሚያምር፣ ጋዝም ረጅም ልምምድም የሚጠይቅ ሙያ ነው።

የኛ አቋም ይኸው ነው፦ ለቤት ጓሮ ጀማሪ በነጠላ ፌዝ የሚሠራ፣ በኤሌክትሮድ የሚበይድ፣ በ60 በመቶ እውነተኛ ከ140 እስከ 160 አምፔር የሚሰጥ ኢንቨርተር ይበቃዋል። ኪሎው ትንሽ ነው፣ መብራት ይቆጥባል፣ እሳቱ ለጀማሪ የረጋ ነው። የብናኝ ጠላትነቱን አይተናል፤ ስለዚህ ግራይንደሩ ወዲያ ማዶ፣ ማሽኑ ወዲህ ማዶ። ኤሌክትሮዱ 6013 የሚባለው ይሁን፤ በቀላሉ ይነሳል፣ ለቀጭን ብረትም ይስማማል። እርጥበት እንዳያገኘው በክዳን ዕቃ አስቀምጡት። ማከፋፈያ ገመድ ካስፈለጋችሁ ሽቦው ቢያንስ ባለ 2.5 ሆኖ አጭር ይሁን፤ እንደተጠቀለለ አትጠቀሙበት፣ ይግላል።

የመጨረሻው ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጠው ዓይን ነው። እኛ ማሽኑን ገዝተን ብሩ ሲያልቅብን "ለጊዜው በፀሐይ መነጽር እንሥራ" አልን። በየመንገዱ ስናይ ያደግነው እሱን አይደል? የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰላም አለፈ፤ የሚያቃጥል ነገር የለም፣ ስቀን ተለያየን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዳችን "ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ" ብላ ደወለች። እንባዋ ይወርዳል፣ መብራት ማየት አልቻለችም። አንዱ ድንች ቆርጠሽ አስቀምጪበት፣ ሌላው ወተት ጨምሪበት ይላል። ሐኪሙ ሁለቱንም እንድንተው ነገረን። የብየዳ ጨረር የዓይንን ፊተኛ ሽፋን እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቃጥለዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ሲሠራ አያውቀውም። በአንድ ሁለት ቀን ዳነች። ግን ያችን ሌሊት "ባይድንስ?" እያልን ነው ያነጋነው። በማንበብና በመጻፍ እንጀራዋን የምትበላ ልጅ ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለጭምብሉ ይውጣ። በ10 ቁጥር አካባቢ የሚጠቁር የብየዳ ጭምብል፣ ራሱ የሚጠቁረው ቢሆን ለጀማሪ የተሻለ ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስም ጨረሩንም ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቧቸዋል። በርና መስኮት ዘግታችሁ አትበይዱ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ከሆነ መበየጃውን ቦታ አስቀድማችሁ ሞርዱት፤ የዚንክ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ይለቃል።

"ይህ ሁሉ ወጪ ከሆነማ ርካሹን ማሽን ገዝቼ ልሞክር" የሚል ይኖራል። እንረዳዋለን፤ ብሩ ከየት ይምጣ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የወጣት ኪስ የሚችለው አይደለም። ነገር ግን ብር ሲያንስ ነው ስህተት የሚወደደው። እኛ ባለ 300ውን በገዛንበት ብር አነስ ያለ ደህና ማሽንና ጥሩ ጭምብል እናገኝ ነበር። አሁን ሁለተኛ እቁብ ጠብቀን ገዛናቸው። ማሽኑን የመረጡልን ጋሼ ናቸው፤ ሱቁ ድረስ አብረውን ሄደው ካርቶኑን ሳያዩ ጀርባውን አነበቡ።

መደርደሪያው አልቋል። አንድ እግሩ ትንሽ ያጥር ስለነበር ካርቶን አጥፈን ሥሩ አድርገናል (የባለ 300ውን ካርቶን ነው፣ በመጨረሻ ጠቀመን)። ማዘርም የአበባ መቆሚያ አዘውናል፤ በአንድ ውል፦ ምጣዱ ከተጣደ ማሽኑ አይነሳም። ቅዳሜ ጠዋት የእንጀራ፣ ከሰዓት የብረት ነው።

ቸር እንሰንብት።