ሁለተኛው እጃችን ሥራ ላይ ነው

አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል። ይሁን፣ አናጨብጭብ። ግን እኮ ድሮ አንድ እጅ ብቻውን ስልክ ይደውል ነበር! የማታስታውሱ ካላችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እጃቸውን ዴስክ ሥር ከትተው፣ ዓይናቸውን መምህሩ ላይ ተክለው፣ በአውራ ጣት ብቻ ቴክስት ይልኩ ነበር። የኖኪያ 3310 ወርድ 48 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 133 ግራም ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ደግሞ 79 ሚሊ ሜትርና 232 ግራም። እጃችን ግን ያው የድሮው ነው።

ነገሩን ዝም ብለን አላነሳነውም። ባለፈው ክረምት ሁለት ሆነን ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥተን ነበር። የጎጃምን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያለ ጃንጥላ አይወጣም። እናም አንዱ እጅ ለጃንጥላ ተሰጠ። በቀረው እጅ ስልክ ይዘን ከአንዲት ድንች ሻጭ እናት ጋር ስለ ዋጋ እያወራን፣ ድምፅ መቅረጫውን ለመንካት አውራ ጣታችን ወደ ላይኛው ጥግ ተንጠራራች። ስልኩ ተንሸራቶ ሄደ። ጭቃ ላይ ወደቀ ብለን ስንጽናና ለካ ከጭቃው ሥር ድንጋይ ኖሯል። «ውይ ልጆቼን! እኔ እኮ መስታወት የያዛችሁ መስሎኝ» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ በኋላማ እውነትም የተሰበረ መስታወት መሰለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው እጅ ማየት ልማዳችን ሆኗል። የባጃጅ ሾፌሩ እጅ መሪ ላይ ነው። ከገጠር የመጣው ገበሬ ዱላ ይዟል። ልጅ ያዘለችው እናት በአንድ እጇ አንቀልባዋን ትደግፋለች፣ በሌላው ዘንቢል ይዛለች። ነጠላዋ በተንሸራተተ ቁጥር የምታነሳበት ሦስተኛ እጅም ቢኖራት ጥሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስልክ የሚያወጡት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብም እዚያው ውስጥ ነው። በዝናብ መሀል ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ የሚስጥር ቁጥር እየነኩ መክፈል እንግዲህ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ስቲቨን ሁበር የተባለ የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 1,333 ሰዎች በየመንገዱና በየአውሮፕላን ማረፊያው ስልክ ሲጠቀሙ ተመልክቶ፣ ስክሪኑን ከሚነኩት ውስጥ 49 በመቶዎቹ በአንድ እጅ ብቻ ሲነኩ እንዳገኛቸው ጽፏል። በዚያው ዓመት ቱርካዊቷ የሶሺዮሎጂ ምሁር ዜይነፕ ቱፌክቺ አገሯ ውስጥ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ አስለቃሽ ጋዝ ሲተኮስ ፎቶ ማንሳት ፈልጋ፣ ስልኩ ለሴት እጇ ስለሰፋባት እንዳቃታት ጻፈች። ስናነበው «ይህቺ ሴት ማርቆስ መጥታ ነበር እንዴ?» አሰኝቶናል። የሴት እጅ በአማካይ ከወንድ እጅ እንደሚያንስ ማንም ያውቃል፤ ስልክ ሠሪዎች ብቻ የረሱት ይመስላል። ኪስ ስለሌለው ቀሚሳችን ደግሞ ሌላ ቀን እናወራለን።

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 ትልቅ ስልክ እጅ አይጨብጠውምና ማንም አይገዛውም ብሎ ነበር። ተሳሳተ። ሰው በሰልፍ ገዛው፤ የራሱ ኩባንያ አፕልም በ2014 ባለ 5.5 ኢንች አይፎን አወጣ። በ2020 «ሚኒ» ብሎ ትንሽ ቢሞክርም፣ በ2022 በወጡት የአይፎን 14 ስልኮች መካከል ሚኒ የሚባል አልነበረም።

ታዲያ ትልቅ ስልክ ይጥፋ እያልን ነው? አይደለም! ለብዙዎቻችን ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ግማሹን ያነበብነው እዚያው ላይ ነው። ዓይናቸው የደከመ እናቶቻችን ያለ መነጽር የልጅ ልጃቸውን ፎቶ የሚያዩትም በትልቅነቱ ነው። እኛን ያናደደን ምርጫ ማጣታችን ነው። ማርቆስ ውስጥ ሱቅ ገብተን «ለእጅ የሚመች፣ አነስ ያለ አለ?» ስንል ሻጩ ባለ ቁልፉን ስልክ አወጣልን። ወይ እሱ፣ ወይ ትሪ!

አንድ ነገር ግን ተምረናል፤ ኢንች ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጋላክሲ ኖት 5.3 ኢንች ብቻ ሆኖ ወርዱ 83 ሚሊ ሜትር ነበር። ባለ 6.8 ኢንቹ ኤስ24 አልትራ ከሱ ይጠብባል። ስልኮቹ ወደ ላይ ነው የረዘሙት። ስለዚህ ስትገዙ ወርዱን ጠይቁ፤ መዳፋችሁ የሚጨብጠው ወርዱን ነውና። ርዝመቱ የሚያስቸግረው አውራ ጣትን ነው። ለሱ ደግሞ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ባሉ ብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን ወደ ታች የሚያወርድ የአንድ እጅ አማራጭ አለ፤ አይፎንም ከ2014 ጀምሮ አለው። (እኛ ያወቅነው ስልኩ ከተሰበረ በኋላ መሆኑ ይታወቅልን።)

የማይፈታው የፊደላችን ነገር ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል። እኛ በምንጠቀምበት ኪቦርድ መጀመሪያ ግዕዙን ትነካላችሁ፤ ቀጥሎ ከላይ ከተደረደሩት ካዕቡን ወይ ሣልሱን ትመርጣላችሁ። በሁለት እጅ ይሄዳል፤ በአንድ እጅ ግን አውራ ጣት ላይ ታች ስትል ትውላለች። ከጓደኞቻችን ግማሾቹ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ፊደላቸውን ጠልተው አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ በአንድ እጅ ብረት ይዘው ስለሚጽፉ ነው። በሴሚናር ስለ ፊደል መዳከም የሚያዝኑ ታላላቆቻችን አንድ ቀን በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው «እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

የተሰበረውን ስልክ እስካሁን አላሠራነውም። ጀርባው ላይ ጣት የሚገባበት ቀለበት ለጥፈንበታል፤ ቅዳሜ ገበያ ይዘነው እንወጣለን።