የሀዲያና የከምባታ ጉልበት፡- ከሸንኮራ እርሻ እስከ ደቡብ አፍሪካ

ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣባቸው አካባቢዎች ታሪክ በብዙ መልኩ ይመሳሰላል። ገቢው በቅድሚያ ወደ መንግሥት ካዝና ስለሚገባ የአካባቢው ነዋሪ «ለእኛ ምን ደረሰን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1956 ኦሎይቢሪ በተባለው ስፍራ ነዳጅ የተገኘበት የናይጄሪያው ኒጀር ዴልታ ለዚህ ዘወትር በምሳሌነት ይነሳል። በአገራችን በሶማሌ ክልል ካሉብ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ማምረቻው የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው።

ሀዲያና ከምባታ ነዳጅ የላቸውም። ባለፉት ሰባት አሥርት ዓመታት ከአካባቢው ወጥቶ ለገበያ የቀረበው ዋነኛ ሀብት የሰው ጉልበት ነው። በመሆኑም በነዳጅ አካባቢዎች የሚነሳው ጥያቄ እዚህ ተገላብጦ ይገኛል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ቤተሰብ ይገባል፤ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ካዝና ግን ይህን የሚያክል ገቢ አይታይም። ይህ ሁኔታ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት የአካባቢውን ታሪክ መለስ ብሎ መቃኘት ይጠቅማል።

አካባቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የገባር ሥርዓት ተተከለበት። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕናም የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ገበሬው በእንሰትና በእህል ራሱን ይመግብ እንጂ ለግብርና ለልዩ ልዩ ክፍያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከጠባብ ማሳው ማግኘት አይችልም ነበር።

ጥሬ ገንዘቡ የተገኘው በአዋሽ ሸለቆ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ቆየት ብሎም የመተሐራ እርሻ ሲከፈት፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የሚሄዱ ወጣቶች በሸንኮራ ቆረጣ ተሰማሩ። የአዝመራው ወቅት ሲያበቃ ገሚሱ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ገሚሱም እዚያው ይቀራል። የደመወዝ ሥራ ለአካባቢው የኑሮ መደጎሚያ ሆኖ የተለመደው በዚህ ሁኔታ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። የማሳውን ጥበት ግን ሊያስቀር አልቻለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሰፈራ ዘመቻ ከሁለቱ አካባቢዎች በርካታ አባወራዎች ወደ ፓዌና ወደ ጋምቤላ ተወስደዋል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳመለከተው የሀዲያ ዞን ሕዝብ ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ፣ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ሕዝብ ደግሞ ከ680 ሺህ በላይ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሀዲያ ወደ 340፣ በከምባታ ጠምባሮ ወደ 500 ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል፤ መሬቱ ግን ያው ነው።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአፓርታይድ አገዛዝ ከተላቀቀች በኋላ አዲስ የሥራ ገበያ ተከፈተ። በተለይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከአካባቢያቸው የሚነሱ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አቋርጠው ወደዚያው ያመራሉ። አብዛኞቹ በጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች ሸቀጥ በማዞርና አነስተኛ ሱቅ በመክፈት ይተዳደራሉ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሀደሮ አካባቢ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ተከስቶ ዋነኛ የገበያ ሰብልን ሲያወድም፣ በአካባቢው ቀድሞም ጠባብ የነበረው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ይበልጥ ጠበበ።

ከደቡብ አፍሪካ የተላከው ገንዘብ የከተሞቹን ገጽታ ለውጧል። በሆሳዕና ሆቴሎች፣ የንግድ ሕንፃዎችና የመኖሪያ ቤቶች ተገንብተዋል። ልጆች ተምረዋል፤ ወላጆች ታክመዋል። ይሁን እንጂ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጭነት ተሽከርካሪ ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት 64 ሰዎች በኮንቴይነር ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በማላዊና በዛምቢያ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ የታመነባቸው ሰዎች አስከሬኖች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በደቡብ አፍሪካ በውጭ ዜጎች ላይ በተፈጸሙ ጥቃቶች ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ሰዎችም ሞተዋል። በዚህ መስመር ከሚጓዙት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከሀዲያና ከከምባታ የሚነሱ በመሆናቸው ሐዘኑ በቅድሚያ የሚደርሰው በእነዚህ ከተሞች ነው።

የአካባቢው አስተዳደራዊ ታሪክም ከዚህ ጉዳይ ተነጥሎ አይታይም። በሽግግሩ ወቅት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ከተዋቀሩት 14 ክልሎች መካከል ክልል 7 ጉራጌን፣ ሀዲያን፣ ከምባታን፣ አላባን፣ ጠምባሮንና የምን ያቀፈ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአጎራባች ክልሎች ጋር ተዋሕዶ የደቡብ ክልል አካል ሆነ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ሲዳማና ሌሎችም በየተራ የየራሳቸውን ክልል ሲመሠርቱ፣ የቀሩት አካባቢዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነው ተደራጁ። ሆሳዕናም የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች።

አዲሱ ክልል ሥራ የጀመረው በበጀት እጥረት ነው። በ2016 ዓ.ም. በአንዳንድ ወረዳዎች የመምህራንና የሌሎች መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ አለመከፈሉ ይታወሳል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሲንከባለል የመጣው የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ሕንፃ በሚቆምበት አካባቢ ወረዳው ደመወዝ መክፈል ሲቸግረው፣ በግለሰብ ኪስና በሕዝብ ካዝና መካከል ያለው ክፍተት ጎልቶ ይታያል።

ክፍተቱ ሕጋዊ መሠረትም አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘውን የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ ፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንዲሰበስቡ ደንግጓል። ስለዚህ ጋዝ ያለው ክልል ድርሻው በሕግ የታወቀ ነው። ከውጭ የሚላክ የቤተሰብ ድጎማ ግን ግብር አይከፈልበትም፤ ሊከፈልበትም አይገባም። ክልሉ ከዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ የሚሆነው በአንቀጽ 97 በተሰጡት የገቢ ምንጮች ማለትም በግለሰብ ነጋዴዎች ትርፍ፣ በቅጥር ገቢና በኪራይ ቤቶች ገቢ አማካይነት ብቻ ነው። በአጭሩ፣ የተላከው ገንዘብ ሥራ ሲፈጥር ወረዳው ገቢ ያገኛል፤ ተቆልፎ ለሚቀመጥ ቤት ሲውል ግን የመንገድና የውኃ ጥያቄን ብቻ ይጨምራል።

ከዚህ አንፃር በሦስት ጉዳዮች ላይ ማተኮር ተገቢ ይሆናል። የመጀመሪያው ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ ነው። ያለ ሕጋዊ ሰነድ የወጣ ሰው ባንክ ለመጠቀም ስለሚቸገር በእጅ በእጅ የሚተላለፍ ሐዋላን ይመርጣል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በባንክና በትይዩ ገበያ መካከል የነበረውን ሰፊ የዋጋ ልዩነት ለማጥበብ ታልሞ የተወሰደ እርምጃ ነው። ሆኖም ተመን ብቻውን ላኪውን ወደ ባንክ አያመጣውም። የሆሳዕና፣ የሾኔና የዱራሜ የባንክ ቅርንጫፎች አሠራር ተቀባዩን ቤተሰብ የሚያግዝ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ገንዘቡ የሚውልበት ዘርፍ ነው። ስንዴ፣ ድንች፣ እንሰትና የወተት ከብት ባለበት አካባቢ ለዱቄት፣ ለእንስሳት መኖና ለወተት ማቀነባበሪያ የሚሆን ቦታና ኤሌክትሪክ በአንድ መስኮት የሚያገኝ ተመላሽ፣ አማራጭ አጥቶ ወደ ሕንፃ ብቻ አያተኩርም። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ተጨማሪ የገቢ ምንጭ ይከፍታል። ተፈጻሚነቱ ግን በተስተካከለ የይዞታ ምዝገባ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የማዘጋጃ ቤቶችን ዝግጅት ይጠይቃል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የሰው ሕይወት ነው። ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደላላውን ለመቅጣት ያስችላል፤ ወጣቱን ግን ሥራ አያስይዘውም። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የየከተማው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚያወጧቸው ምሩቃን በአካባቢያቸው ሥራ ካላገኙ ትምህርት ቤት የጉዞ መጠባበቂያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የነዳጅ ጉድጓድ አንድ ቀን መንጠፉ ስለማይቀር ጥንቃቄ የሚያደርጉ አገሮች ከገቢው ለትውልድ ያስቀምጣሉ። ከጉልበት የሚገኘውም ገቢ የሚቆምበት ጊዜ አለ። የደቡብ አፍሪካ የፖሊሲ ለውጥ ወይም አንድ የጥቃት ሳምንት ሊያቋርጠው ይችላል። በሆሳዕና የተቀመጠው የክልሉ አስተዳደር የሚመዘነው ይህ ገንዘብ ሳይነጥፍ በአካባቢው ወደ ቋሚ ሥራ እንዲለወጥ በሚያደርገው ጥረት ይሆናል።